«ቀልቤ የሚሰበሰበው ከአባቴ ውሻ ጋር ስሆን ብቻ ነው»

ጤና ይስጥልኝ የዓምዱ አዘጋጅ፤

የ38 ዓመት ሰው ነኝ። የምኖረው ደሴ፣ ሆጤ አካባቢ ነው። ባለትዳርና የአንዲት የ7 ዓመት ልጅ አባት ስሆን የምተዳደረው በሒሳብ ሥራ ነው። አባቴ ባለፈው ኅዳር ኩታበር አረፈ። ብዙ ታሞ አልተኛም። እኔም የወር መዝጊያ ሪፖርት ይዞኝ «በሚመጣው እሑድ እሄዳለሁ» እያልኩ ሳልደርስበት ቀረሁ። አርባውን አውጥተን ቤቱ ሲዘጋ ነብሮ የሚባለው ውሻው ብቻውን ቀረ። እህቴ እዚያው አቅራቢያ ናት፤ «ውሻ የትም በልቶ ያድራል» አለችኝ። እኔን ግን አላስቻለኝም። ጥር መጀመሪያ ላይ መኪና ለምኜ ደሴ አመጣሁት። ዕድሜው 7 ዓመት ገደማ ይሆናል።

ችግሬ ይኸውልዎት። ቀኑን ሙሉ ቁጥር ስደምር ውዬ ማታም አእምሮዬ መደመሩን አይተውም። የቤት ኪራይ፣ የልጄ ትምህርት ቤት፣ ያልላክሁት ሪፖርት፣ ያልሄድኩበት እሑድ። ምግብ ስበላ የምበላውን አላውቀውም። ማታ በረንዳው ላይ ከነብሮ ጎን ስቀመጥ ግን ለ10 ደቂቃ ያህል ሁሉም ዝም ይልልኛል። ይህን ለአንድ ጓደኛዬ ብነግረው «ውሻ ትናንትም ነገም የለው፤ ያለው አሁን ብቻ ነው። ከእሱ ተማር» አለኝ። እኔም ጠዋት ጠዋት ወደ ጦሳ ተራራ ግርጌ ይዤው መውጣት ጀመርኩ። አልሆነልኝም። እሱ ይጎትተኛል፣ እኔ በሐሳብ እነጉዳለሁ፣ ስልኬ ይጮሃል። «እንደ ውሻ እንኳ መሆን አቃተኝ» እያልኩ በራሴ ተናድጄ እመለሳለሁ።

ቤት ውስጥም ነገር አለ። ነብሮ ቀን ቀን በሰንሰለት ታስሮ ይውላል፤ ሌሊት ያላዝናል። ባለቤቴ ሟርት ነው ትላለች። ምግብም ብዙ አይበላም። የጫማዬን ክር ላስር ጎንበስ ባልኩ ቁጥር ይሸሸኛል። የሚተኛው በአባቴ ጋቢ ላይ ነው፤ ባለቤቴ ሸተተ ብላ ልታጥበው ነው። አከራያችን፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው ትልቅ ሰው፣ ሰጋጅ ናቸው። ምንም አላሉኝም፤ ግን ለውዱእ ወደ ቧንቧው ሲሄዱ ልብሳቸውን ሰብስበው ሲያልፉ ሳይ እሳቀቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ባለቤቴ «እኛ ጋ ስትሆን የለህም፤ ውሻው ጋ ስትሆን ነው ያለኸው» አለችኝ። መልስ አጣሁ።

ትልቅ ሰው ሆኖ ዕረፍትን ከውሻ መፈለግ ነውር ነው? ነብሮን ወደ እህቴ ልመልሰው ወይስ ላቆየው? ካቆየሁትስ ያችን 10 ደቂቃ እንዴት ላስፋት?

ነኝ ከደሴ

ምላሽ

ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ያጥናህ፤ የአባትህንም ነፍስ ይማር። የጠየቅኸኝ ስለ ውሻ ቢሆንም ደብዳቤህ ላይ ከሁሉ ከብዶ ያገኘሁት «በሚመጣው እሑድ» የሚለውን ነው። መጨረሻ ላይ እመለስበታለሁ። መጀመሪያ እጅህ ላይ ያለውን እንይ።

አብሽር፣ ነውር የለበትም። ነብሮ «ሪፖርቱ ደረሰ?» አይልህም፤ «ለምን አልመጣህም?» ብሎም አይጠይቅህም። ሰውነቱ ይሞቃል፤ እጅህ የሚያርፍበት ያገኛል። በ2015 እ.ኤ.አ. የጃፓን ተመራማሪዎች «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት ላይ እንዳሳተሙት፣ ውሻና ባለቤቱ ረጋ ብለው ዓይን ለዓይን ሲተያዩ ኦክሲቶሲን የተባለው ንጥረ ነገር በሁለቱም ሰውነት ውስጥ ከፍ ይላል። እናት ከሕፃኗ ጋር ስትሆን ከሚሠራው ንጥረ ነገር ጋር አንድ ነው። ስለዚህ የሚሰማህ ዕረፍት የውሸት አይደለም። ይህን ሰምተህ ግን ነብሮን ትኩር ብለህ እንዳታየው። ለተላመደ ውሻ ፍቅር የሆነው ዓይን ገና ላልተላመደው ዛቻ ነው። እሱ ፈልጎ ሲያይህ እየው፤ ሲያዞር አንተም አዙር።

ጓደኛህ በቀና ልብ የነገረህ ነገር ግን ልክ አይመስለኝም፤ ያደከመህም እሱ ነው። ነብሮ ትናንት አለው። ጎንበስ ስትል ለምን ይሸሻል? አገራችን ውስጥ ያደገ ውሻ ጎንበስ ያለ ሰው ድንጋይ ሊያነሳ እንደሆነ ከቡችላነቱ ጀምሮ ያውቃል። አንተ ክር ልታስር ነው፤ እሱ ግን የሚያየው ድሮ የተወረወረበትን ድንጋይ ነው። ነገም አለው። የምትገባበት ሰዓት ሲደርስ በሩን ማየት ይጀምር እንደሆን ልጅህን ጠይቃት። ሃንጋሪ ውስጥ ተሠርቶ በ2016 እ.ኤ.አ. የታተመ ጥናትም፣ ውሾች እንደሚጠየቁ ሳያውቁ ያዩትን የሰው ድርጊት ከ1 ሰዓት በኋላ እንኳ አስታውሰው ሊደግሙት እንደሚችሉ አሳይቷል። ስለዚህ ነብሮ አባትህን የረሳ ውሻ አይደለም። ቤቱን፣ ሰውየውን፣ መስኩን በአንድ ሰሞን አጥቶ ያንተው በረንዳ ላይ የተቀመጠ ሐዘንተኛ ነው።

ታዲያ እሱ ያለው አንተ የሌለህ ምንድን ነው? አንድ ነገር ሲያስደነግጠው ተመልከተው። መኪና ድንገት ጥሩምባ ሲነፋ ይደነግጣል፣ ጆሮውን ያጥፋል፣ ፈንጠር ብሎ ይቆማል። መኪናው ካለፈ በኋላ ውሃ እንደነካው ሁሉ ከራሱ እስከ ጅራቱ ይራገፋል፤ ከዚያ አፍንጫውን ወደ መሬት መልሶ ይቀጥላል። መደንገጡን አልካደም፤ ደንግጦ ጨረሰና ወደ ነበረበት ተመለሰ። ካንተም የሚፈለገው ሐሳብ እንዳይመጣብህ መከልከል አይደለም፤ በመጣ ቁጥር መመለስ ነው። 20 ጊዜ ሄዶ 20 ጊዜ የተመለሰ ቀልብ ሥራውን ሠርቷል። አንተ ግን 20 ጊዜ መሄዱን ብቻ እየቆጠርክ በራስህ ትናደዳለህ።

አሁን ወደ ጠዋቱ መንገድ እንምጣ። ሰንሰለቱን ተወው፤ ይከብደዋል፣ ድምፁም ያስደነግጠዋል። 3 ሜትር የሚሆን የጥጥ ገመድ ወይም ሰፋ ያለ የሸራ ማሰሪያ ፈልግ። ቀጭን የናይሎን ገመድ ሲጎተት መዳፍ ይልጣል። የአንገቱ ቀበቶ ሥር ሁለት ጣትህ ሳይጨናነቅ ይግባ፤ ከዚያ ከጠበቀ ያንቀዋል፣ ከላላ ደግሞ ራሱን አሹልኮ ያመልጣል። ገመዱን እጅህ ላይ አትጠምጥመው፤ ድንገት ቢስብህ አንጓህን ይጎዳሃል። ጫፉን ጨብጥ፣ የቀረው ወደ መሬት ደጋን ሠርቶ ይውረድ።

ስልክህን ቤት ተወው። ድምፁን አጥፍቶ ኪስ ውስጥ መያዝ አይበቃም፤ ኪስህ ውስጥ ካለ ግማሽ ልብህ እዚያ ነው። ከ12 ሰዓት ተኩል በፊትም አትውጣ። ጎህ ሳይቀድ የሰፈሩ ውሾች ገና በመንጋ ናቸው፤ ከከተማው ዳር ደግሞ ጅብ ይኖራል። ጉሙ ገለጥ፣ ሰው ወጣ ወጣ ሲል ከመኪና መንገድ ራቅ ያለውን የእግር መንገድ ይዘህ ውጣ። ለመጀመሪያው ሳምንት 20 ደቂቃ ይበቃል። በዚያ ውስጥ 200 ሜትር ብቻ ብትሄዱ ቅር አይበልህ። ይህ መንገድ የሚለካው በርቀት አይደለም።

መንገዱን እሱ ይምረጥ፤ ሲቆም ቁም። የሰው አፍንጫ ውስጥ ያሉት የማሽተቻ ሕዋሳት 5 ወይም 6 ሚሊዮን ገደማ ሲሆኑ የውሻ ግን ከ200 ሚሊዮን ይበልጣሉ። አንተ ባዶ ድንጋይ ያየህበት ቦታ እሱ ሌሊት ማን እንዳለፈ፣ ወንድ ይሁን ሴት፣ ታሞ ይሁን ደኅና ያነባል። እያነበበ እያለ ከጎተትከው ደብዳቤውን ከእጁ እንደነጠቅኸው ቁጠረው። ታዲያ እሱ ሲያሸት አንተ ምን ትሠራለህ? የአፍንጫውን ጎንና ጎን እይ፤ ሁለት ስንጥቆች አሉ። አየር ከፊት ይስብና በእነዚያ ስንጥቆች ወደ ጎን ያስወጣል። ደረቅ አቧራ ላይ ሲያነፈንፍ ከአፍንጫው ግራና ቀኝ አቧራው ትንሽ ትንሽ ብን ሲል ታያለህ። በአንድ ሴኮንድ እስከ 5 ጊዜ ሊስብ ይችላል። ይህን ለማየት ጎንበስ አትበል፤ ምክንያቱን ታውቀዋለህ። በቀስታ በርከክ በል፣ ፊትህ ወደ እሱ ሳይሆን እሱ ወደሚያየው አቅጣጫ ይሁን። ራሱን ቀና አድርጎ እስኪጨርስ ጠብቅ።

ገመዱ ራሱ ያስተምርሃል። ሐሳብህ ወደ ቢሮ ሲሄድ እግርህ ይፈጥናል፣ ትከሻህ ይነሳል፣ እጅህ ይጨብጣል፤ ያ ደጋን ሠርቶ የነበረው ገመድ ይወጠራል። ራስህን ከውስጥ መሰለል አያስፈልግህም፤ ገመዱን ማየት ይበቃል። ሲወጠር ቁም። ትከሻህን ጣል፣ አንዴ በረጅሙ ተንፍስ፣ ሲላላ ቀጥል። የወጠረው እሱ ከሆነም ደንቡ ያው ነው፤ ቁም፣ አትጎትት፣ አትቆጣ። ወደ አንተ ግማሽ እርምጃ መለስ ብሎ ገመዱ ሲረግብ ያኔውኑ ተራመድ። ውሻ የሚጎትተው መጎተት ስለሚያዋጣው ነው፤ በጎተተ ቁጥር ወደፈለገው ከደረሰ ነገም ይጎትታል። ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት ቀን ቆሞ በሦስተኛው ቀን ቸኩሎ ሲጎተትለት ነው። ያኔ ውሻው የሚማረው «ጠንክሬ ብጎትት ይሆናል» የሚለውን ነው። በቸኮልክበት ቀን ከነጭራሹ አትውጣ፤ ግቢው ውስጥ 5 ደቂቃ አብረኸው ቁምና ወደ ሥራህ ሂድ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በአንድ ጉዞ 30 ጊዜ ብትቆም አይግረምህ።

የሰፈር ውሾች ሲመጡባችሁ አትሩጥ፣ ዓይን ዓይናቸውንም አትይ። መንገዱን ሰፊ ግማሽ ክብ አድርገህ እለፍ፣ ገመዱን አላላው፤ ስትወጥረው ነብሮ አደጋ አለ ብሎ ያስባል። ድንጋይ የማንሳት ምልክት እነሱን ያባርር ይሆናል፤ አብሮ ግን ነብሮንም ያባርርብሃል፣ እስከዛሬ የሠራኸውንም ያፈርስብሃል።

የማታዋን 10 ደቂቃ በተመለከተ፣ ለማስፋት አትቸኩል። በርጩማ አውጣና ከጎኑ አንድ ክንድ ያህል ርቀህ፣ ትይዩ ሳትሆን ጎን ለጎን ተቀመጥ። ተኝቶ ከሆነ የጎድን አጥንቱን ተመልከት። አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ብለህ ቁጠር፤ የእጅ ሰዓት ይዘህ 1 ደቂቃ ሙሉ። ጤነኛ ትልቅ ውሻ ተኝቶ ሳለ በደቂቃ ከ10 እስከ 30 ጊዜ ይተነፍሳል። እግሩ ከተወራጨ፣ የዓይኑ ሽፋን ከተርገበገበ ሕልም ላይ ነው፤ ትንፋሹ ይዘበራረቃልና መቁጠሩን ተወው፣ አትቀስቅሰውም። ቁጥሩን ከነቀኑ ደብተር ላይ ጻፈው። የሒሳብ ሰው ስለሆንክ ይህን የመረጥኩልህ አስቤ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ቁጥር ሲደምር የሚውለው እጅህ ማታ ሕያው ነገር ይቁጠር። ለእሱም ይጠቅመዋል። ሳይሞቀውና ሳይሮጥ፣ ተኝቶ እያለ በተደጋጋሚ ከ30 በላይ ከሆነ ወደ እንስሳት ሐኪም መውሰድ አለብህ።

ልትዳስሰው ስትፈልግ እጅህን ከራሱ በላይ አታምጣ፤ ከደረቱ ወይም ከትከሻው ጀምር። 3 ሴኮንድ ያህል ዳስሰህ እጅህን አንሳ። እሱ ራሱ ወደ አንተ ከተጠጋ ቀጥል። አፉን ከላሰ፣ ያለ እንቅልፍ ካዛጋ፣ ራሱን ካዞረ «ይብቃኝ» ማለቱ ነው፤ ተወው። አንዳንድ ማታ ጨርሶ አይፈልግህ ይሆናል፤ ተነስቶ ሌላ ጥግ ሄዶ ይተኛል። አትከተለው። ነብሮን መድኃኒትህ ብቻ አድርገህ ከያዝከው እሱ ባዘነበት ቀን ታዝንበታለህ።

ስለ ማላዘኑ ባለቤትህን «አጉል እምነት» ብለህ አትዝለፋት፤ ብዙዎቻችን ከዚህ ጋር አድገናል፣ ቤታችሁም ገና ከሐዘን አልወጣም። ምክንያቱን ግን ንገራት። ብቻውን የቀረ ውሻ ያላዝናል፤ ሩቅ ያለ ውሻ ሲያላዝን ይመልሳል፤ የጅብ ድምፅ ሲሰማም እንዲሁ። ቀን ሙሉ ታስሮ የዋለ ውሻ ደግሞ ሌሊት የሚያወጣው ጉልበት አለው። ማታ 3 ሰዓት ገደማ ለ10 ደቂቃ ግቢው ውስጥ ወይም በር ላይ አንሸራሽረው፣ መኝታውን ከቤታችሁ በር አጠገብ አድርገው፣ ድምፃችሁን ይስማ። ደሴ ብርዷ ያንተንም አጥንት ይሰብራል፤ ከመሬት ከፍ ያለ የእንጨት ርብራብ፣ ጆንያና ጭድ አድርግለት። ባላዘነ ቁጥር ግን ተነስተህ አትውጣ፤ ማላዘን አንተን እንደሚያመጣ ይማራል። ሳይጀምር ቀድመህ ጎብኘው። በአዲስ ቤት ለመልመድ አንድ ውሻ ወደ 3 ወር ሊወስድበት ይችላል፤ እሱ ገና እየጨረሰው ነው።

ምግቡን እምቢ ማለቱ ሁሉ ከሐዘን አይመስለኝም። ጾም ላይ ናችሁ፤ የሚቀርብለት ሽሮ የተቀባ እንጀራ እንደሆነ እገምታለሁ። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሕዋስ ይጎዳሉ፤ በርበሬው ሆዱን ያቃጥለዋል፤ እንጀራ ብቻውን ደግሞ ሥጋ ለለመደ ውሻ አይበቃም። ወጥ ሳይነካው የእንጀራ ፍርፋሪ ወይም ሩዝ፣ የተቀቀለ እንቁላልና ከሥጋ ቤት ቁርጥራጭ ቀቅለህ በቀን ሁለቴ በተመሳሳይ ሰዓት ስጠው። ደሴ በጾምም ሥጋ ቤት አይጠፋባትም። የበግ ሳንባና ጉበት ከሆነ በጥሬው በጭራሽ አትስጠው። ውሃ የቋጠረ ከረጢት የሚታይበት ሳንባ ውሻውን በትል ይበክለዋል፤ የትሉ እንቁላል ከውሻው ወደ ልጅህ ይሄዳል። እንዲህ ያለውን አርቀህ ቅበረው፤ ደኅናውን ቢያንስ 30 ደቂቃ ቀቅለው። የተቀቀለ አጥንት ተሰንጥሮ አንጀት ስለሚወጋ ይቅር። 20 ኪሎ የሚመዝን ውሻ በቀን 1 ሊትር ያህል ውሃ ይፈልጋል፤ ጣሳውን በየቀኑ አጥባችሁ ሙሉለት።

የእብድ ውሻ በሽታ ክትባት ከሌለው በዚህ ሳምንት እንስሳት ክሊኒክ ውሰደው፤ በየዓመቱ ይደገማል። የትል መድኃኒት በየ3 ወሩ ይሰጠው። ማንንም ቢነክስ ወይም ሌላ ውሻ አንተን ቢነክስህ ቁስሉን በሳሙናና በሚፈስ ውሃ 15 ደቂቃ ታጥቦ ወዲያው ጤና ተቋም መሄድ ነው። ወደ እህትህ የሚመለስ ቢሆን እንኳ ሳይከተብ አይሂድ። በአቡነ ዮሴፍም ሆነ በቦረና ሳይንት በኩል ያሉትን ጥቂት ቀይ ቀበሮዎች ከሚጨርሷቸው ነገሮች አንዱ ከገበሬው ውሻ የሚተላለፍ በሽታ ነው።

እማማን በሚመለከት፣ ዝም ማለታቸውን ተቀብያለሁ ብለህ አትውሰደው። ወሎ ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቡና ላይ ነው የሚያልቀው። በልጅህ አትላክባቸው፤ ራስህ ሄደህ «እማማ፣ ከሶላትዎ ጋር እንዳይጋጭብዎት ምን ላድርግ?» በላቸው። ውሻ የላሰው ዕቃ ሰባት ጊዜ፣ አንዱም በአፈር እንደሚታጠብ ከአንተ በላይ ያውቃሉ። ለጥበቃ ውሻ መያዝም እንግዳ አይሆንባቸውም። ስለዚህ ገመዱ ከቧንቧው እንዳይደርስ አድርግ፤ የውሻው ዕቃ ለብቻው ይሁን፣ በጋራው ቧንቧ ሥር አይታጠብ። ከእሱ ጋር ስትሆን የምትለብሰው አንድ ጃኬት ይኑርህ፤ ወደ እማማ ቤት ስትገባ እሱን አውልቀህ ግባ። የክትባት ወረቀቱንም አሳያቸው።

ወደ ባለቤትህ ቃል ልምጣ፤ ከሁሉ በላይ እዚህ ላይ እንድትቆይ እፈልጋለሁ። «እኛ ጋ ስትሆን የለህም» ስትል በውሻው የቀናች መስሎህ ይሆን? እኔ እንደማነበው ናፍቃሃለች። ነብሮ ጋ ያለኸው ሰውዬ መኖሩን አይታለች፤ ያንን ሰው ቤት ውስጥ ስላጣችው ነው የከፋት። አንተም አባት አጣህ፤ እሷም ከኅዳር ጀምሮ ባሏን በከፊል አጥታለች። ስለ አባትህ አልቅሰህ የነገርካት መቼ ነው? ያን የቀረ እሑድ ታውቀዋለች?

ከነብሮ ጋር የተማርከውን ይዘህ ግባ። ቡና ሲፈላ ስልክህን ጠዋት የምትተውበት ቦታ ተወው። አቦሉ እስኪወርድ እንኳ ቢሆን በቂ ነው፤ ቶናና በረካው ይከተላል። ቡናው ሲቆላ፣ ሲወቀጥ፣ ጀበናው ሲንተከተክ እሷን አዳምጣት። ሐሳብህ ሲሄድ የምታየው ገመድ የለህም፤ በእሱ ፈንታ ስኒውን እይ፤ ሳትቀምሰው ከቀዘቀዘ ሄደህ ነበር ማለት ነው። «ይቅርታ፣ ሄጄ ነበር፤ ምን አልሽኝ?» በላት። እንዲህ ተብላ የምትቀየም ሚስት የለችም። በሳምንት አንድ ቀን ደግሞ የጠዋቱን መንገድ ሦስታችሁም ሂዱ፤ ልጅህ ነብሮ የቆመባቸውን ቦታዎች ትቁጠር። እሱ ሲበላ ግን ልጅህ አጠገቡ አትሂድ፣ ከእሱ ጋር ብቻዋንም አትተዉአት።

ልመልሰው ወይስ ላቆየው ላልከው፣ አሁን አትወስን። እስከ ሰኔ ድረስ ለራስህ ጊዜ ስጥ። እስከዚያ የሚበላው ከተስተካከለ፣ ቀን ከሰንሰለት ከተፈታ ወይም ቢያንስ በረጅም ገመድ ከታሰረ፣ እማማም ከተስማሙ፣ ማቆየቱ ይሻላል እላለሁ። በሰንሰለት ብቻ የሚውል ከሆነ ግን ኩታበር፣ የሚያውቀው አየር ላይ፣ እህትህ ጋ ቢሆን ለእሱ ይሻለዋል፤ አንተም ማመን የሚኖርብህ ይህን ነው። የምትመልሰው ከሆነ በአንድ ቀን ጥለኸው አትምጣ፤ ሁለት ሦስት ጊዜ ወስደኸው አብራችሁ አድራችሁ ተመለሱ።

አንድ ነገር ልጠይቅህ። ሌሊት እንቅልፍ ከጠፋህ ስንት ሳምንት ሆነ? ምግብ ጣዕም ካጣብህ፣ ሥራ መሥራት ካቃተህ፣ ወይም መኖር ያስጠላህ ቀን ካለ ለነብሮ ብቻ አትተወው፤ ሆስፒታል ሄደህ የአእምሮ ጤና ባለሙያ አነጋግር። ደሴ ውስጥ ታገኛለህ።

አሁን ያ እሑድ። ሥራ የሌለህን አንድ እሑድ ምረጥና ከባለቤትህና ከነብሮ ጋር ኩታበር ሂድ። አባትህ የተቀበረበት ቅጥር ድረስ ሂድ፤ ነብሮን ከውጭ ባለቤትህ ትያዘው። ለአባትህ ልትነግረው የነበረውን በአፍህ ንገረው፤ ጊዜ ውሰድ። ከዚያ ወደ ቤቱ ሂዱና ነብሮን በረጅም ገመድ ልቀቀው። ከበር እስከ ጓሮ ጥግ ጥጉን ሊያሸት ይችላል፤ ተከተለው፣ አታስቸኩለው፣ በቆመበት ቁም። ምናልባትም አባትህ ይቀመጥበት ከነበረው መደብ አጠገብ ረዘም ላለ ጊዜ ይቆማል። እዚያ እንባ ቢመጣብህ አታፍነው።

ጋቢውንም ገና አታጥቡት። ለእናንተ የሸተተው ለእሱ ሰውዬው ነው። ባለቤትህን እንዲህ ብለህ ለምናት፦ ለአሁኑ ፀሐይ ላይ ይሰጣና ይራገፍ፣ ቁንጫ ካለበት ቁንጫው ከነብሮ ላይ ይታከም። ክረምቱ ከመግባቱ በፊት መታጠቡ አይቀርም፤ ያኔም በአንድ ጊዜ አይሁን። ጋቢ ድርብ ስለሆነ መካከሉን ፍቱትና አንዱን ክፍል እጠቡ፣ ሌላውን ለሁለት ሳምንት ሳይታጠብ ተዉለት። የታጠበው ሲደርቅ እሱ ላይ ተኝቶ እስኪለምደው ጠብቁ፤ ሁለተኛውን ከዚያ በኋላ ታጥባላችሁ።